የዘፋኟ እናት

ወንድ ዘፋኝ ሲያረጅ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? አንጋፋ ይባላል። ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ቢልም፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ መድረክ ላይ ቢወጣም፣ ጸጉሩን የነከረበት ጥቁር ቀለም ከላቡ ጋር ግንባሩ ላይ ቢወርድም አንጋፋ ነው። መድረክ መሪው ስሙን ከመጥራቱ በፊት "ተወዳጁና አንጋፋው" ይላል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ሴት ዘፋኝ ስታረጅስ? ለእሷ ስም አልወጣላትም። የወጣላት ጥያቄ ነው፦ "አሁንም ትዘፍናለች እንዴ?"

ይኸ ጥያቄ በእኔ ላይ መቼ እንደተጀመረ በትክክል አላውቅም። ዕድሜዬንም በትክክል አላውቅምና አትፍረዱብኝ። ጎንደር ገጠር ስወለድ ማንም አልጻፈውም፤ እናቴ ታስታውስ የነበረው ጤፉ ሊታጨድ ደርሶ እንደነበር ብቻ ነው። እስራኤል ስንገባ አንዲት ጸሐፊ ፊቴን ትክ ብላ አየችና ዓመቱን ገመተች፤ ቀኑን ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ አንድ አደረገችው። እኛ ሰዎች በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ ቀን በማኅበር እናረጃለን ማለት ነው። በዚያች ሴት ግምት ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቷል። ጉልበቴ ከጸሐፊዋ ጋር ይስማማል። ድምፄ ግን ከሁለቱም ጋር ተጣልቷል።

ድምፄ አላረጀም። ይኸን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። ቤቴ ስልክ ተደውሎ "ሃሎ" ስል፣ ኢንተርኔት ሊሸጥልኝ የደወለው ጎረምሳ "ኢማ ቤት አለች?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ እናትሽን አቅርቢልኝ ማለቱ ነው። እኔም አንጀቴ ቅቤ እየጠጣ "የለችም፣ ወጥታለች" ብዬ እዘጋበታለሁ። እናቴን አፈር ካለበስናት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ግን ለእንዲህ ያለው ልጅ ይኸን ማስረዳት ምን ያደርጋል? ችግሩ ድምፅ ብቻውን ሰርግ ቤት አይገባም፤ ፊት አስከትሎ ነው የሚገባው።

በዘጠናዎቹ አንድ ካሴት አውጥቼ ነበር። ቴል አቪቭ፣ ከአሮጌው አውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ ባለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበደች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የተቀዳው። ሽፋኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ጸጉሬ ትከሻዬ ላይ ተዘናፍሎ፣ ባሕሩን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ማንም ምንም እንደማይወስድብኝ ሁሉ ስስቅ። ያኔ የአሽዶድ፣ የቂርያት ጋትና የነታንያ ሙሽሮች የሰርጋቸውን ቀን የሚቆርጡት መጀመሪያ እኔን ጠይቀው ነበር። እሺ፣ ሁሉም አይደሉም። ግን ነበሩ።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ማንም ፊት ለፊት መጥቶ "በቃሽ" አላለኝም፤ ቢለኝማ ኖሮ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። መጀመሪያ "ዘንድሮ ዲጄ ብቻ ነው ያሰብነው" አሉኝ። ቀጥለው "ምን እናድርግ፣ ወጣቶቹ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ" አሉ። በመጨረሻ የሰርግ ጥሪውን እንደ ማንኛውም እንግዳ በፖስታ ይልኩልኝ ጀመር። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ እየሄድኩ፣ ልጆቼ የሚሆኑ ዘፋኞች ከንፈራቸውን ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር ሲያንቀሳቅሱ እያየሁ ዶሮዬን እበላለሁ። ዶሮው ጥሩ ነው፤ እሱን አልዋሽም።

አሁን የምሠራው አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ቤቴ አጠገብ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ልጆቹን አለብሳለሁ፣ ንፍጣቸውን እጠርጋለሁ፣ እንዲተኙ እዘፍንላቸዋለሁ፤ እነሱም ይተኛሉ። ለዘፋኝ ይኸ ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። ሳብታ ይሉኛል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን "ሕፃናት ናቸው፣ ምን ያውቃሉ" ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ወላጆቻቸውም ጀመሩ።

እግዜር ሁለት ወንዶች ልጆች ሰጥቶኛል፤ ሴት ልጅ ግን አልሰጠኝም። ይኸን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ታናሹ ልጄ ያኢር ከውትድርና እንደተመለሰ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ እኔን ሥራ አደረገኝ። "ኢማ፣ ፌስቡክ ላይ ገጽ እከፍትልሻለሁ፣ ዘፈንሽን እጭንልሻለሁ፣ ሰው ይደውልልሻል" አለኝ። ፎቶ ሊያነሳኝ ስልኩን ሲደቅን እጁን ያዝኩትና ከመሳቢያ ውስጥ ካሴቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ። "ኢማ፣ ይቺ እኮ አንቺ አይደለሽም።"

"እና ማን ናት?"

ጥሩ ልጅ ነው። ፎቶውን ጫነው።

ብዙም ሳይቆይ ኤሊ የሚባል ልጅ ደወለ። እህቱ እዚሁ አሽዶድ ልታገባ ነው። "ስሚ ብርቄ" አለኝ፣ ስሜን በቁልምጫ እየጠራ፤ "አያታችን የድሮውን የጎንደር ዘፈን ነው የምትወድ። ጓደኞቻችን ደግሞ ለቪዲዮ የምታምር ዛመሬት ይፈልጋሉ። አንቺ ሁለቱም አለሽ። ገጽሽን አየነው፣ ሁላችንም ወደድንሽ።" ዛመሬት ዘፋኝ ናት። ልብ በሉ፣ አንቺ ነው ያለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው የአበሻ ልጅ እኔን አንቺ ሲለኝ ከስንት ዘመኑ! ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ፈገግ ስል ነበር።

ወዲያው ለጌታሁን ደወልኩ። ጌታሁን ኦርጋን ተጫዋች ነው። ከእኔ ጋር ነው የጀመረው፣ በጸሐፊዎቹ ግምት እንዲያውም ይበልጠኛል፣ ስለዚህ አንጋፋ ነው። እሱ ሥራ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ልጆቹ የሚሆኑ ዘፋኞችን እያጀበ በየሰርጉ ይዞራል። የኤሊን ነገር ከሰማ በኋላ ትንሽ አሰበና "ስለ ፎቶው ነግረሻቸዋል?" አለኝ።

"ፎቶው ምን ሆነ?"

"ብርቄ፣ እኔ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ያቺ ወጣት ዘፋኝ፣ የአሽቀሎኗ ልጅ፣ ቋሚ አጃቢ ትፈልጋለች። አንቺን ብዬ እስካሁን ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ይኸ ሰርግ ከሆነልን አብረን እንቀጥላለን። ካልሆነልን ግን ከእሷ ጋር መሄዴ ነው።"

ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም። ያለ ኦርጋን የሰርግ ዘፋኝ የለችም። ወይ በዚያ ሰርግ እመለሳለሁ፣ ወይ ዘፈኔ ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር አይወጣም።

ስለዚህ ተሰናዳሁ። ጸጉሬን ቀለም አስነከርኩ፤ አያችሁ፣ አንጋፋዎቹን ስስቅባቸው ቆይቼ። ሃኪርያ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወርጄ ሆድ የሚያስገባ የውስጥ ልብስ ገዛሁ። ሻጯ ሩሲያዊት ልኩን ደጋግማ አሳየችኝ፣ እኔ ግን ትንሹን ካልሆነ አልኩ። ሆዴን አስገባሁት፤ ሆዴ ግን የሚሰደድበት ሌላ አገር ስላጣ ወደ ጀርባዬ ዞረ። መተንፈስ ይቻላል፣ ግን በየተራ ነው። በዚያ ላይ ተረከዘ ረጅም ጫማ። ጫማውን በላስቲክ ከረጢት፣ የሐበሻ ቀሚሴን በሌላ ይዤ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ በከተማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንዲት ወታደር ልጅ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አመሰገንኳት፣ ግን አልተቀመጥኩም። መቀመጥ አልፈልግ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ የውስጥ ልብሱ አያስቀምጥም ነበር።

የሰርግ አዳራሹ ጋ ስደርስ ጌታሁን አልመጣም። ከነታንያ ነው የሚነሣው፣ መንገዱ ተዘግቶበታል። ከአዳራሹ ጎን ልብሴንና ጫማዬን ቀይሬ፣ ጸጉሬን በጣቴ በትኜ፣ የካሴቱን ሽፋን ሳቅ ለብሼ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ላይ ያማረ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ድምፁን ሳውቀው ኤሊ ነው።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩት፤ "ዘፋኟ…"

ፊቴን አየኝ። ዓይኑ በራ። ለቅጽበት አወቀኝ ብዬ ልቤ ዘለለች፣ እውነትም አውቆኛል፤ ግን እንዴት አድርጎ! ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

"ሬጋ፣ ሬጋ!" አለ፣ ቆይ ቆይ ማለቱ ነው፤ "አንቱ የዛመሬቷ እናት ነዎት! ከፎቶዋ ጋር እኮ ቁርጥ አንድ ናችሁ። ይግቡ እናቴ፣ ይግቡ። እሷስ መጣች?"

እዚህ ላይ፣ ወገኖቼ፣ ማለት የነበረብኝ ነገር ሁለት ቃል ነበር። "እኔ ነኝ።" ቀላል ነው፣ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትሉት ነበር። ግን "እኔ ነኝ" ማለት "ያ ፎቶ ያረጀ ነው" ማለት ነው፤ "ያ ፎቶ ያረጀ ነው" ማለት ደግሞ በዚያ ልጅ ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ ቆሞ ማየት ነው። አልቻልኩም። አፌ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተከፈተ።

"በመንገድ ላይ ናት" አልኩት።

እንግዲህ ክብር ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእኛ ሰዎች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ ቀልድ የላቸውም። ኤሊ በአንድ ክንዴ፣ የአክስቱ ልጅ በሌላው ይዘውኝ፣ ሽማግሌዎቹና የቤተ እስራኤል ቄሶቹ ከተቀመጡበት አጠገብ ወዳለው የእናቶች ጠረጴዛ ወሰዱኝ። ትራስ አመጡ፤ የውስጥ ልብሱ እየቆረጠኝ እንደምንም ተቀመጥኩ። የማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ብርድ እንዳይመታኝ፣ ሞቆኝ እየተቃጠልኩ፣ ጋቢ ደረቡልኝ። እንጀራው ለእኔ ቀድሞ ቀረበ። አንዲት ቆንጅዬ ልጅ ወደ እኛ የዞረውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ አይታ "ይኸ ጆሮዎን ይረብሽዎታል" አለችና ወንድሞቿን ጠርታ ወደ ወጣቶቹ አስዞረችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ ማጉያ ፊት ቆሜ እንጀራ የበላሁ ሴት ነኝ እኮ! ከመድረኩ ራቅ አድርገው፣ ከድምፁ ጠብቀው፣ በጋቢ ጠቅልለው አስቀመጡኝ። ጠብ እርግፍ ብለው፣ በፍጹም ፍቅር፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው። "በቃሽ" ቢሉኝ ኖሮ እንዴት ይሻለኝ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት የሙሽራዋ አያት፣ እማማ ድንቄ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ቀሏል። እጄን ይዘው "አንቺ ልጅ፣ ከወዴት ነሽ?" አሉኝ። ልጅ መባሌን ሰምቼ ልስማቸው ደረስኩ። ከየት መንደር እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ በሱዳን በኩል ይሁን በአዲስ አበባ የመጣሁት ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ስናገር ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉት። ያኔ መስማት ተስኗቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ሁፓው፣ ማለት ጋብቻው አለቀ፤ ብርጭቆው ተሰበረ፤ እልልታው ቀለጠ። ዲጄው የተቀዳ ነገር እያጫወተ ሰዉ ዓይኑን በር በሩ ላይ ጣለ። ኤሊ መጣ።

"እናቴ፣ ልጅዎ የት ደረሰች?"

"መንገዱ ተዘግቷል አለችኝ።"

እንደገና መጣ። "አሁንስ?"

"ይኸው ያቭኔን አልፌያለሁ ነው የምትል።"

ለማታውቁት፣ ያቭኔ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ ልጄን በጣም አስጠጋኋት ማለት ነው። ይልቁንስ የሚገርማችሁ ልንገራችሁ፤ ራሴ መጠበቅ ጀመርኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ የተዘናፈለ፣ ባሕር ባሕር የምትሸት፣ ጉልበቷ የማያማት ልጅ ከተፍ ብትል አንድም ሰው እንደ እኔ ደስ ባላለው ነበር።

የመጣው ጌታሁን ነው። ኦርጋኑን ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ መድረኩ ላይ ወጣና ኤሊን "ብርቄ የት አለች?" አለው። ኤሊ ወደ እኔ ጠቆመው፤ "እሷ ገና ናት፣ እናቷ ግን እዚያ ናቸው።" ጌታሁን አየኝ። ትራሱን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ የቀረበልኝን ማዕድ አየ። የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው፣ አንዲት ቃል ሳልነግረው ሁሉ ገባው። ቀስ ብሎ መጥቶ በአደባባይ ጉልበቴን ሳመ።

"እንደምን ዋሉ እናቴ?" አለኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ። "ልጅዎስ ደህና ናት?"

"ዝም በል፣ አንተ የተረገምክ።"

"ወይ ይጥሯት፣ ወይ ይውለዷት" አለ በጆሮዬ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። "ኤሊ ሌላ ዘፋኝ ካወቅህ ደውል ብሎኛል። የአሽቀሎኗ ልጅ ዛሬ ነፃ ናት። ብደውልላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። ምን ላድርግ ብርቄ?"

ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱ ስሟ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ።

ፈራሁ። በሕይወቴ ስንት መድረክ ላይ ወጥቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። የአሽቀሎኗ ልጅ መጥታ እኔ እዚያው ጋቢ ውስጥ ሆኜ ዶሮዬን እየበላሁ ላያት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው። እውነቱን ልናገርም አሰብኩ፤ ግን ይኸን ያህል ሰዓት በሕይወት ያቆየኋትን ልጅ በሕዝብ ፊት መግደል አቃተኝ። ጋቢውን ገፍፌ ተነሣሁ።

"ኤሊ" አልኩት፤ "ልጄ ታማለች። ከመንገድ ተመልሳለች። ቅር ካላላችሁ እኔ ልተካት።"

ልጁ ክው አለ። "አንቱ ይችላሉ?"

"ድሮ ትንሽ ትንሽ እል ነበር።"

ኤሊ ጌታሁንን አየ፣ ጌታሁን ጣሪያውን አየ። ከኋላዬ የእማማ ድንቄ ድምፅ መጣ፦ "ተዋት አንተ፣ ትዝፈን። ልጅ አስተምራ የለም?"

"ብሴዴር" አለ ኤሊ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ ግን እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ቅጣት ነው ያለው። "አንድ ሁለት ዘፈን ይበሉ፣ ከዚያ ዲጄው ይቀጥላል። እንዳይደክሙ።"

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ነገሩን ሳስበው፣ አሁን የምወጣው የዘፋኟ እናት ሆኜ ነው። የዘፋኝ እናት ሆድ ቢኖራት ማን ይገረማል? ያንን የውስጥ ልብስ ታግዬ አወለቅሁት። ሆዴ ከስደት ተመለሰ። ተረከዘ ረጅሙን ጫማ ጥዬ ነጠላ ጫማዬን አጠለቅሁ፤ የተበተነውን ጸጉሬን ሰብስቤ በሻሽ አሰርኩት። ከዚያ አየር ሳብኩ። እስከ ወገቤ ድረስ ወረደ! ስንት ዓመት በግማሽ ሳንባዬ ስዘፍን ኖሬ ኖሯል?

መድረኩ ላይ ስወጣ ወንበር አምጥተው ጠበቁኝ። ወንበር! ከጎኑ ውኃ። ሕዝቡ ገና ሳልጀምር ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለሕፃን የሚጨበጨበውን ዓይነት ታውቁታላችሁ፣ ሁለት እግሩ ላይ ስለቆመ ብቻ። ጌታሁን ሆን ብሎ ዝግ ያለ ነገር አነሣ። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀምጬ አልኩት።

ሁለተኛውን ቆሜ ነው። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ የት እንደደረሰ አላየሁትም።

ስለ ራሴ ነውና ብዙ አልናገርም፣ ጥቂት ግን ልናገር። ድምፄ ወጣ። አዳራሹን ሞልቶ፣ ተመልሶ መጥቶ እኔኑ መታኝ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ፤ መጀመሪያ ለሳቅ ነበር፣ ቀጥሎ ግን ስልኩን ለሌላ ሰው አስይዘው ገብተው ትከሻቸውን ይንጡ ጀመር። እኔም ትከሻዬን ሞከርኩት፣ ግራው ታዘዘ፣ ቀኙ ትንሽ አንገራገረና መጣ። ከዚያ እማማ ድንቄ በሁለት የልጅ ልጆቻቸው ተደግፈው እስከ መድረኩ ሥር መጡና እጃቸውን አነሡ።

"ተቀበይ!"

ጌታሁን እጁን ከኦርጋኑ አነሣ። ድሮ በየሰርጉ እንዲህ ነበር፣ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኝ በዜማ ተቀብላ ለሕዝቡ ታሰማለች። የተቀዳ ሙዚቃ ግጥም አይቀበልም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ግጥማቸውን በሆዳቸው ይዘው ዶሮ እየበሉ ይመለሳሉ። እማማ ድንቄ በቀጭን ድምፅ እንዲህ አሉ፦

"አገር አቋርጬ የመጣሁት ማልጄ፣
ለዚች ምሽት ኖሯል፣ ተሞሸርሽልኝ ልጄ።"

ተቀበልኩ። ዜማ ላይ አስቀምጬ ሳወጣው ሙሽራዋ፣ አማርኛዋ የተሰባበረው የአሽዶድ ልጅ፣ ቃሉ ይግባት አይግባት አላውቅም፣ አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመን! አንዱ ቄስ ተነሡ፣ የሙሽራው አጎት ተነሣ፣ "ተቀበይ" "ተቀበይ" እየተባለ ዲጄው ኮካ ኮላውን ይዞ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ዘፈን የተባለው ምን ያህል እንደሆነ አልቆጠርኩም። እኔም አልቅሻለሁ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ስወርድ ተረባረቡብኝ። "ኮል ሃካቮድ እናቴ!" ይላሉ፣ ጎበዝ ማለታቸው ነው፤ ጉልበቴን ይስማሉ። እኔም ክንፍ አውጥቼ ልበር ስል፣ ከኋላ አንዷ ለጓደኛዋ ስትል ሰማኋት፦ "እናቲቱ እንዲህ ከሆነች፣ ልጅቷማ እንዴት ትሆን!"

ክንፌን አጠፍኩት። የልጄን ስልክ ቁጥር ስንት ሰው ጠየቀኝ መሰላችሁ። ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩ የኔ ነው። ኤሊ ደግሞ ስወጣ በትልቅ ሳህን ዶሮና እንጀራ ጠቅልሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አስያዘኝ። "ይኸ ለታመመችው ልጅዎ። እግዜር ይማርሽ ይበሉልኝ።" በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ በላሁላት። ተሻላት።

እማማ ድንቄ ግን ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል ጆሮዬን ያዙኝ። "ሴት ልጅ የለሽም፣ አይደል?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ስታወሪኝ ነው ያወቅሁሽ። ካሴትሽ እኔ ቤት አለ፣ ማጫወቻው ነው የተሰበረ።" ከዚያ ጉንጬን መታ መታ አድርገው ለቀቁኝ። ለማንም አልተናገሩም። ጌታሁን መኪናው ውስጥ እስከ ሮቫ ዩድ ድረስ ሲስቅ መጣና በሬ ላይ ሲያወርደኝ "ለአሽቀሎኗ ልጅ አጃቢ እንድትፈልግ እነግራታለሁ" አለኝ። በዚህ በኩል ተመልሻለሁ ማለት ነው። የተመለስኩት ግን ማን ሆኜ እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው። ማሪናው ዳር፣ ጀልባዎቹ ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ አስመታለሁ። ስልኬ ጮኸ። ወጣት ሴት ናት፣ አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተጠጋገነ።

"ብርቄ ነሽ? ዛመሬቷ?"

"አዎ፣ ነኝ" አልኩ፣ በዚያ በማያረጀው ድምፄ።

"ላገባ ነው። የሰርጉን ቪዲዮ አይተን ነበር፤ ይቅርታ፣ እንዴት እንደምልሽ… እናትሽን ፈልገን ነበር።"

አሁን የሆነውን በጥሞና ስሙኝ፣ እኔም እስካሁን እየሰማሁት ነውና። ቀናሁ። በራሴ ላይ ቀናሁ። ሳላስብ፣ ሳልተነፍስ፣ ከአፌ ወጣ፦

"እናቴን? እናቴ እኮ አሮጊት ናት። መድረክ ለእሷ አይሆናትም። እኔ ብመጣ አይሻልም?"

ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎች ዙሪያ ጥምጥም ሄደው፣ በትራስና በጋቢ ጠቅልለው ሲሉኝ የኖሩትን ነገር እኔ ነኝ ፊት ለፊት፣ አጥርቼ የተናገርኩት። ከእነሱ ሁሉ የኔ የባሰ ነበር። አፈርኩ፤ እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ፊቴ ጋለ።

"ማሚ፣ አትቀየሚን" አለች ልጅቷ፤ ማሚ በዕብራይስጥ የኔ ቆንጆ ማለት ነው። "አንቺም ጥሩ ነሽ፣ ፎቶሽን አይተናል። ግን አያቴ ግጥም አላት። ማን ይቀበልላታል?"

"ልጠይቃትና ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁ።

ፎቶው እስካሁን ገጹ ላይ ነው፤ ያኢር "ልቀይረው?" ቢለኝ አይሆንም አልኩት። ልጄ ናት፣ ወዴት ላባርራት? ለሙሽራዋ ግን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ መልሼ ደወልኩላት።

"ጠየቅኋት" አልኳት። "እሺ ብላለች። ወንበር ግን እንዳታመጡ።"